የመሪጌታ ኩሬ

ሰኔ 24

ክረምቱ ዛሬ ለየለት። ከምሳ በኋላ የጀመረው ዝናብ እስኪመሽ አላባራም። ከላይ ከአዲሱ አስፋልት የወረደው ውሃ ጠጠርና ቆሻሻ እየነዳ የእኛን ቁልቁለት ይዞ መጣና አዛለች ደጅ ላይ ተኛ። አልፎ ቢሄድ ምንም አልነበረም። ይሄኛው ግን እንደ እንግዳ መጥቶ ተቀመጠ።

አዛለች ከቤቴ ዝቅ ብላ የምትኖር ጎረቤቴ ናት። አራስ ናት፤ ሴት ልጅ ከተገላገለች ገና ሳምንቷ ነው። ባሏ ኪሩ ባጃጅ ይነዳል። ቤታቸው ጭቃ ቤት ነው፤ ዛሬ የግድግዳው እግር እስከ ስንዝር ድረስ ርሶ አየሁት።

ያ ኮንትራክተር መንገዱን ሲሠራ ቱቦውን እዚህ እኛ አናት ድረስ አምጥቶ አቆመና ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ውሃው ከዚያ ወዲያ የት ይሂድ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ እጠይቃለሁ! ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ ይዤ የቆምኩ ሴት ነኝ፤ የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ።

ሰኔ 26

ሄድኩ። የመንገድ ቢሮ ውስጥ የተቀበለችኝ መሐንዲስ አዜብ ትባላለች፤ ልጄ ብትሆን የሚያስቆጭ አይደለም። ጨዋ ናት፣ ወንበር ሰጠችኝ። ነገሩን ዘርዝሬ ስጨርስ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እማማ፣ የእናንተ ሰፈር ቦይ ክፍት ነው?"

እኔ ከላይ ስለመጣው ጎርፍ ሳወራ እሷ ስለ ታቹ ቦይ! "ፎቶ አንስተው በስልክ ይላኩልኝ" ብላ ቁጥሯን ሰጠችኝ። የቦይ ፎቶ። ሠርግ ይመስል።

አልልክም።

ሰኔ 30

ልጄ አንዱዓለም ከሚኖርበት ከፀዳ ደወለ። "እማዬ፣ ክረምቱ እስኪያልፍ እኛ ጋ ነይ፤ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?" ይለኛል። ባሌ መሪጌታ አምሐ ግንቦት ስድስት ቀን ካረፈ ወዲህ ሁሉም ሰው ከቤቴ ሊያወጣኝ ይሻል። አልወጣም አልኩት። "እሺ በቃ አትቆጪ" አለኝ። ተቆጥቼ አልነበረም፤ እንዲያ ሲለኝ ግን ተቆጣሁ።

ከሰው ፊት "እሳቸው" ነው የምለው። እዚህ ደብተሬ ላይ ማን ያየኛል፤ አምሐ፣ እሱ።

አርባውን እያሰብኩ አመሸሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር አድርጌ አላውቅም። የእድሩ ድንኳን በእኔና በአዛለች ቤት መካከል መንገዱን ሞልቶ ተተከለ። ቦዩ መሐል ለመሐል ያልፋል፤ የካህናቱ አግዳሚ እንዳይንገዳገድ ድንጋይ አስሞላሁበት፣ የአሸዋ ጆንያ አስደረብኩበት፣ ላዩን በአፈር አስደለደልኩት። የደለደለው ኪሩ ነው፤ ላቡ ጠብ እስኪል። የቁስቋም ካህናት መጥተው ሲቀመጡ አንዲት አግዳሚ ንቅንቅ አላለችም። የእድሩ ዳኛ አያ አለበል "ሸጋ አድርገሽ ሸኘሽው" አሉኝ። ይህ ቃል እስካሁን ያሞቀኛል።

መንፈቁ ኅዳር ስድስት ነው፤ የቁስቋም ንግሥ ዕለት። ድንኳኑ እዚያው ይተከላል። የአርባው ማግስት ኪሩ "ቦዩን እንክፈተው ወይ?" ሲለኝ "በኅዳር መልሰን ልንሞላው አሁን ምን ያስቆፍረናል?" አልኩት። አንድም ሰው አልተቃወመኝም። የሚያስተውል ሰው ምን ብሎ ይቃወማል?

ሐምሌ 5

ዝናብ። መብራት የለም። ውሃው የአዛለችን ደፍ አለፈ። ኪሩ በባልዲ ሲቀዳ ዋለ፤ ባጃጁ ቆማለች። ገንፎ ወሰድኩላት። ቤቷ ውስጥ ነጠላ ጫማዬ ተንሳፈፈ። ያ ኮንትራክተር አንድ ቀን እጄ ይገባል።

ሐምሌ 8

ዝናቡ ጋብ ሲል ወጣሁ። የሰፈሩ ልጆች አዛለች ደጅ ላይ በተኛው ውሃ የሃይላንድ ክዳን ያንሳፍፋሉ። ይጫወቱ ብዬ ላልፍ ስል አንዱ "የኔ የመሪጌታን ኩሬ ቀድሞ ተሻገረ!" ብሎ ጮኸ።

"ምን አልክ አንተ?"

እሱ ሮጠ። አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማ ቀረች። "ስሙ ነው እኮ እትዬ ወለቴ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት" አለችኝ፤ ክፋት የለባትም።

ደሜ ፈላ። ዕድሜውን ሙሉ ማሕሌት ቆሞ ያረጀ ሰው ከኩሬ ጋር ምን አገናኘው? የኮንትራክተሩን ስም ለምን አያወጡለትም? ወላጆቻቸውን ልቆጣ ፈልጌ ማንን እንደምይዝ ጠፋኝ። የሰፈሩ ሰው ሰሞኑን ሰላምታው ረዝሟል፣ ዓይኑ ግን ከእኔ ላይ አይቆምም።

ሐምሌ 11

ወፍጮ ቤት። ከበሩ ሳልገባ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

"ታዲያ ማን ደፍሮ ይንገራት?"

"ተዪ እባክሽ፣ ሐዘንተኛ ናት።"

ስገባ አንዷ ስለ ጤፍ ጀመረች። ገብቶኛል። ልጇ ፀዳ ሲጠራት እምቢ አለች እያሉ ነው የሚያሙኝ። ይሙ! ቤቴን ጥዬ የምራት ፊት እያየሁ ልክረም?

ሐምሌ 17

አቤቱታ ጽፌ ሰፈሩን እየዞርኩ አስፈረምኩ። አያ አለበል መነጽራቸውን ፈለጉ፣ አገኙ፣ ጠረጉ፣ ሁለቴ አነበቡት።

"የላዩን መንገድ ብቻ ነው የጻፍሽው?"

"ሌላ ምን አለ አያ?"

"የለም፣ የለም" ብለው ፈረሙ። አርጅተዋል።

ጠዋት ደግሞ ኪሩ ድንኳኑ ቦታ ላይ ዶማ ይዞ ቆሞ አገኘሁት። "ምነው ኪሩ፣ ደህና አደርክ?" ስለው ክው አለ። "ደህና እትዬ። እንዲያው... ዝናቡን ልይ ብዬ ነው" አለና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዶማ ይዞ ዝናብ የሚያይ ሰው ዛሬ አየሁ። እንቅልፍ ያጣ አባት ነው፤ አልፈርድበትም።

ሐምሌ 23

ቢሮ። አቤቱታውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። አዜብ ፊርማዎቹን አይታ ራሷን ነቀነቀች። "የቱቦው ነገር እውነትዎን ነው፤ መቀጠል ነበረበት። ግን ባለሙያ ልኬ ነበር። ቦያችሁ ተደፍኗል አለኝ። እሱ ሳይከፈት እኔ ለአለቆቼ ምን ብዬ ላቅርብ? ራሳቸው ደፍነው ነው ይሉኛል።"

"አልተደፈነም! ድንኳን ተተክሎበት ነው!"

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ።

"ለሙት ነው የተሞላው። ልዩነቱ አይገባሽም?"

"ለእኔ ይገባኛል እማማ" አለች ቀስ ብላ። "ውሃውስ ልዩነቱ ይገባዋል ወይ?"

ተነስቼ ወጣሁ። ቦርሳዬን ረስቼ መመለሴ ደግሞ! ይችን ልጅ አስተምሬያት ቢሆን ኖሮ ከአዋቂ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ትማር ነበር።

መንገዱን ሁሉ መልስ ስፈልግላት መጣሁ። እስካሁን አላገኘሁም።

ሐምሌ 29

አዛለችን "ልጅሽን ይዘሽ እኔ ቤት ግቢ" አልኳት። ቤቷ ውስጥ አልጋው በጡብ ላይ ቆሟል። ሕፃኗ ታስላለች። ትንሽዬ ሳል ናት፤ ግን ታስላለች።

"እትዬ፣ አራስ ሳታስጠምቅ እንዴት ትወጣለች? አማቴስ ምን ትለኛለች?"

"አማትሽ መጥታ ውሃ ትቅዳ!"

ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች። አንድ ነገር ልትለኝ አስባ የተወችው መሰለኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ለምን አልጠየቅኋትም?

ነሐሴ 2

ፍልሰታ። ከቅዳሴ መልስ ዱካዬን፣ ያቺን ትንሽ በርጩማ፣ ይዤ ድንኳኑ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ያየኛል ብዬ አላፈርኩም፤ ፀሐይ እየሞቅኩ ነው።

እውነቱን ልጻፍ፤ ናፍቆኛል። እዚያች የተደለደለች አፈር ላይ ስቀመጥ ያ ሁሉ ሰው ያለ ይመስለኛል። የአርባው ዕለት ቤቴ ሰው እንደሞላው ሌላ ቀን አልሞላም። ማታውን ድንኳኑን ጠቅልለው ወሰዱት፣ አግዳሚውን ወሰዱት፣ ድስቱን ወሰዱት። ይህ አፈር ብቻ ቀረኝ።

ጫፉን ብቻ ብናስከፍተውስ? አይ። ጫፉ ከተከፈተ መሐሉ ይናዳል፤ መሐሉ ከተናደ በኅዳር አግዳሚው ይንገዳገዳል። ደግሞም ጥፋቱ የላይኛው ነው። እነሱ ይጀምሩ!

ነሐሴ 9

የአዛለች የጓሮ ግድግዳ ወደቀ።

ሕፃኗ ደህና ናት። ደህና ናት። አሁን እዚህ፣ አምሐ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ እናቷም።

ከሰዓት የወረደው ዝናብ ዝናብ አይደለም፤ ሰማዩ ነው የፈሰሰው። ጩኸት ሰማሁ። ውሃው እስከ ጉልበቴ ነበር። ኪሩ ሥራ ወጥቶ አልተመለሰም። ገብቼ ሕፃኗን ከእናቷ እቅፍ ተቀብዬ በጋቢዬ ሸፍኜ ስወጣ ነው ግድግዳው ወደ ውስጥ የተኛው። አልጋው ላይ ነው የተኛው። አዛለች ከኋላዬ ልብሴን ይዛ ነበር።

አልጋው ላይ።

ነሐሴ 10

ገና ሲነጋ ዶማ ይዤ ወጣሁ። ዝናቡ አላቆመም። ያንን አፈር መታሁት፤ ጭቃ ሆኖ ዶማውን ይዞ አልለቅም አለኝ። ደግሜ መታሁት። ለማንም አልነገርኩም፣ ማንንም አልጠራሁም። እያለቀስኩ ነበር እንዳልል ዝናብ ነው፤ ማን ለየው።

ኪሩ እየሮጠ መጣ። "እትዬ ይተዉ፣ እኔ ልቆፍር!"

"አትንካ! እኔ ነኝ ያስሞላሁት!"

ሰማኝ እንጂ አልታዘዘኝም። ከጎኔ ገብቶ መቆፈር ጀመረ። ከዚያ ያየሁትን ግን እስክሞት አልረሳውም። የሰፈሩ በር ሁሉ ተከፈተ። ሁሉም አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ፤ አያ አለበል እንኳ በዚያ ዕድሜያቸው አካፋ ይዘው። አንዱም ቤቱ ተመልሶ ዕቃ የፈለገ የለም፤ ከበሩ ኋላ አስደግፎ ኖሯል! ጆንያውን ጎትተው አወጡ፣ ድንጋዩን ፈነቀሉ። ውሃው አንዴ ጎርጎር አለና ቁልቁል ወደ ቃሃ ወንዝ ነጎደ። አዛለች ደጅ የከረመው ኩሬ አንድ ስኒ ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ደረቀ።

ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ገብቼ እግሬን ስታጠብ አዛለችን ጠየቅኋት። "ታውቁ ኖሯል?"

ውሃውን እግሬ ላይ ማፍሰሷን ቀጠለች።

"አዛለች! ታውቁ ኖሯል ወይ?"

"እናውቅ ነበር እትዬ። ኪሩ ስንት ጊዜ ሊከፍተው ተነሳ። እኔ ነኝ የያዝኩት። ሐዘንዎን እንደመርገጥ ነው አልኩት።"

"ልጅሽ ብትሞትስ?"

"እሱንም አስቤዋለሁ" አለች። "በየሌሊቱ አስቤዋለሁ። እርስዎን ግን... እዚያ ቦታ ላይ ዱካ ይዘው ሲቀመጡ እያየሁ፣ በምን አፌ?"

ጮህኩባት። አራስ ላይ ጮህኩ። ማን አዝኑልኝ አላችሁ? እኔ ባዕድ ነኝ? መስታወት ነኝ እንዳልሰበር? ሕፃኗ ነቅታ አለቀሰች። አዛለችም አለቀሰች፤ እኔም።

ማታ አያ አለበል ሊጠይቁን መጡ። "እርስዎስ አያ? የእድር ዳኛ ነዎት!"

"ሐዘንተኛ እንዴት ይናገሯል ልጄ? ያለ ነው።"

"እንግዲያ ጎርፍ ይናገራት?"

ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔም ብሆን በእሳቸው ቦታ እናገር ነበር ወይ? አልናገርም ነበር። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ነሐሴ 14

ለአዜብ የቦዩን ፎቶ ላክሁላት። ከነጭቃው። "አሁንስ?" ብዬ ጻፍኩበት።

ነሐሴ 18

አዜብ ራሷ በዝናብ መጣች። ቦዩን ከላይ እስከ ታች ተራመደችው። ከአስፋልቱ ቱቦ የሚወርደው ውሃ ዳር ዳሩን እየቦረቦረ መሆኑንም አየች። "አሁን አለቆቼ ማመካኛ የላቸውም" አለች። "ግን በጀቱ የሚቀጥለው ዓመት ነው።"

"አንቺ ጠይቂያቸው፤ እኔ እዚያው ሆኜ እጠብቃለሁ።"

"የት?"

"ኮሪደራችሁ ላይ።"

ነሐሴ 21

ዛሬም እዚያው ዋልኩ። እንዝርትና ጥጤን ይዤ አለቆቹ በር ፊት ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ቀን ዘበኛው ሊያስነሳኝ መጥቶ ጥቁር ልብሴን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ፤ ጭራሽ ወንበር አመጣልኝ። ለካ በዚህ አገር ከል ለብሶ የተቀመጠን ሰው የሚደፍር የለም። የሰፈሬን ሰው አፍ የዘጋው ይሄው ነው። እንግዲያውስ እጠቀምበታለሁ! ሥራ አስኪያጁ ከእኔ ፊት ባለፉ ቁጥር "ነፍስ ይማር እናቴ" ይላሉ። "አሜን፣ ቱቦውስ?" እላለሁ።

አንዱዓለም ደወለ። "እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?" አለኝ። "ሰው ዝም ነው የሚለው፣ ችግሩ እሱ ነው" አልኩት።

ነሐሴ 28

አንድ ማኪና ቱቦ ተራገፈ። "ጊዜያዊ ነው" አለች አዜብ። ቱቦው ከአስፋልቱ ተነስቶ የሰፈሩን ዳር ይዞ ወንዝ ይገባል። ጊዜያዊም ቢሆን ከእኔ ዕድሜ ያልፋል።

የአዛለች ግድግዳ በድንጋይ እየተሠራ ነው፤ ሰፈሩ በደቦ። እሷና ልጇ እኔው ጋ ናቸው። አማቷ መጥታ "ሳትጠመቅ ከቤት ወጥታ..." ማለት ስትጀምር በሩን አሳየኋት፤ ከዚያ አዝኜላት አስገብቼ ምሳ አበላኋት። የሕፃኗ ሳል ለቋታል።

እኔ ግን አንድ ነገር አልለቀቀኝም። ሁሉም አሁንም ቀስ ብለው ነው የሚያወሩኝ። ድንጋይ ሳቀብል "ይረፉ እትዬ" ይሉኛል። ጭቃውን ሳበላሸው ኪሩ ዞር ስል ያስተካክለዋል። አይቼዋለሁ። ቦዩ ተከፈተ እንጂ እኔ ገና እንደተደፈንኩ ነኝ።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። የስሜ ቀን፤ ወለቴ የሚሉኝ ወለተ ሩፋኤልን አሳጥረው ነው። ከቅዳሴ መልስ ጥቁር ደመና መጣና ዘነበ። የዛሬ ዝናብ ጠበል ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ተጠመቀ። ልጆቹ ራቁታቸውን ይዘላሉ። አያ አለበል ነጠላቸውን አውልቀው ራሰ በራቸውን ለሰማይ ሰጡ። ኪሩ ብቻ ጭቃው ሳይታጠብ ልጨርስ ብሎ ግድግዳው ላይ ነበር።

እኔም ተጠመቅሁ። ከዚያ ለዓመቱ የሚሆን ላጠራቅም ብዬ በርሜሌን እያንከባለልኩ አወጣሁት። ከጣራዬ አሸንዳ የሚወርደው ውሃ ቦዩ ላይ ነው የሚያርፈው፤ በርሜሉን እዚያው ቦዩ ውስጥ ተከልኩት። ልኩ ነው፣ ጥብቅ ብሎ ቆመ። ደስ አለኝ።

"እትዬ! ያንን በርሜል ያውጡ!"

ኪሩ ነው። በጩኸት። ሰፈሩ ቀጥ አለ። ልጆቹ መዝለል አቆሙ። አዛለች ከመስኮቴ ብቅ ብላ "ኪሩ!" አለች ደንግጣ።

"የሩፋኤል ጠበል እኮ ነው!" አልኩት።

"ጠበልም ቢሆን! ውሃው ሊመለስ ነው፣ አይታይዎትም እንዴ? ከልጄ ደጅ ያንሱልኝ!"

ዞር ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው፤ ውሃው ከበርሜሉ ኋላ መቆም ጀምሯል።

"ታዲያ ከዚያ ሆነህ ትጮኻለህ? ወርደህ አታግዘኝም!" ብዬ እኔም ጮህኩበት። ወረደ። በርሜሉን በሁለት ወገን ይዘን አወጣነው። "እትዬ፣ ይቅር—" ሊል ሲጀምር "እንዳትላት!" አልኩት። አያ አለበል መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሁሉም።

ቤት ገብቼ እርጥብ ልብሴን ስቀይር አዛለች ፎጣ ይዛ መጣች። "ቅር አለዎት እትዬ? ጠባዩ እንዲህ አልነበረም" አለችኝ። ሳቄ አላስመልስ አለኝ፤ ከዚያ እንባዬ መጣ፣ አንዱ አንዱን አላስቆም አለ።

አምሐ ካረፈ ወዲህ ሰው የጮኸብኝ ዛሬ ገና ነው።